ያው ሴል፣ ያው መድኃኒት፣ ሁለት ውጤት፤ የጡት ካንሰር ሴልን በሦስት አቅጣጫ ስለማሳደግ (ስሪ ዲ ካልቸር) የከፈትኩት ክር

ክሩን፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ሰዎች ተራ በተራ የሚመልሱበትን ጥያቄ፣ የከፈትኩት እሑድ ማታ ነው። ቅዳሜን ሙሉ ላቦራቶሪ (ላብ) ውዬ ያገኘሁት ውጤት አልገባኝ ብሎ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ 38 መልስ ተጻፈበት። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፤ መሐል ላይ ጭቅጭቅም አለበት። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ጠቅለል አድርጌ እንድጽፍላቸው በውስጥ መስመር ስለጠየቁኝ፣ ይኸው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የምማረው አውሮፓ ነው። ኤምሲኤፍ-7 የሚባለውን የጡት ካንሰር ሴል ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን እንደ ወትሮው ፕላስቲክ ሳህን ላይ ዘራሁት። ግማሹን ደግሞ ማትሪጄል በሚባለው ጄል ውስጥ ቀብሬ በሦስቱም አቅጣጫ እንዲያድግ ተውኩት። እኛ ላብ ውስጥ የመጀመሪያውን ቱ ዲ፣ ሁለተኛውን ስሪ ዲ እንለዋለን። ለሁለቱም እኩል መጠን ዶክሶሩቢሲን ሰጠሁ፤ ብዙ ሴቶች በኬሞ የሚወስዱት ቀዩ መድኃኒት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሳህኑ ላይ የነበሩት ሴሎች አብዛኞቹ ሞተው ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ) ላይ ተንሳፈፉ። ጄሉ ውስጥ ያሉት ግን ድብልብል እንዳሉ ቁጭ ብለዋል። የቱን ልመን ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ ላይ ስሜት ውስጥ ሆኜ ስለነበር፣ ከእንግዲህ ሳህን ላይ የተሠራ የካንሰር ጥናት ሁሉ ይጣል ብዬ ጨመርኩበት። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ብዙ አስከተለች።

1ኛውን መልስ የጻፈችው ስዊድን ውስጥ ላብ የምትሠራ እህት ናት። ምንም ከማስረዳቷ በፊት ጥያቄ አስቀደመች። መድኃኒቱን የሰጠሁት ሴሎቹ ጄል ውስጥ ስንት ቀን ከቆዩ በኋላ እንደሆነ፣ ድብልብሎቹ ምን ያህል እንደሚተልቁ፣ የሞተውን ከቀረው በምን እንደለየሁ ጠየቀችኝ። ከዚያ ምክንያቱን አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሳህን ላይ ያለ ሴል መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ከላይ ይወርድበታል። ድብልብል ውስጥ ያለ ሴል ግን ጎረቤቶቹ ይጋርዱታል። ኦክስጅን ራሱ ሴል ለሴል አልፎ የሚደርሰው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ቢሆን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ስለዚህ ድብልብሉ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ሦስት ዓይነት ሴል ይይዛል። ዳር ያሉት ይባዛሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በሕይወት አሉ ግን አይባዙም፤ መሐል ያሉት አየርና ምግብ አጥተው ይሞታሉ። ኬሞ ደግሞ በዋናነት የሚመታው የሚባዛውን ነው። ሰውነት ውስጥ ያለ እብጠትም ከደም ሥር በራቀ ቁጥር የሚሆነው ይኸው ነው አለች።

አንድ ምክርም ጨመረች። ዶክሶሩቢሲን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ራሱ ቀላ ብሎ ያበራል፤ ሌላ ቀለም አይፈልግም። የት ድረስ እንደገባ በዓይኔ እንዳየው ነገረችኝ። ሰኞ ጠዋት አየሁት። ድብልብሉ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት አጥልቋል። መሐሉ ጨለማ ነው። ለአንድ ዓመት ስለ መድኃኒት ሥርገት ሳነብ ኖሬ፣ የገባኝ ያን ቀለበት ያየሁ ጊዜ ነው።

2ኛው መልስ የጡረተኛ መምህር ነው። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጋሼ የጀመሩት ከጡት አሠራር ነው። ወተት የሚሠሩት ሴሎች እንደ ወይን ዘለላ በተንጠለጠሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው። እያንዳንዱ ሴል ላይና ታች አለው። ላዩ ወተቱ ወደሚወርድበት ባዶ ቦታ ያያል፤ ታቹ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ከሥሩ የተነጠፈ ስስ ገለፈት ላይ ያርፋል። ሴሉን ከዚያ አውጥቶ ፕላስቲክ ላይ መዘርጋት ላይና ታቹን ማሳጣት ነው። ጤነኛ የወተት ሴል ፕላስቲክ ላይ ከቆየ ወተት መሥራቱን እንደሚተው፣ ገለፈቱን የመሰለ ጄል ሲያገኝ ደግሞ መልሶ እንደሚጀምር አስረዱ።

ቀጥለው ታሪኩን አመጡ፤ የክሩ ምርጥ ክፍል ይህ ይመስለኛል። ኢራን ተወልዳ አሜሪካ የተማረችው ሚና ቢሴል፣ በካሊፎርኒያው ሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ስትሠራ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ከሴል ውጭ ያለው አልጋ ወደ ጂኑ ትእዛዝ ይልካል፣ ጂኑም መልሶ አልጋውን ይለውጣል የሚል ሐሳብ ከባልደረቦቿ ጋር አቀረበች። ብዙ ሰው አልተቀበላትም ነበር። በ1984 ደግሞ ሌላ ነገር አሳየች። ፔይተን ሩስ በ1911 ዶሮ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያሳወቀው ቫይረስ አለ። ቢሴልና ባልደረባዋ ያንን ቫይረስ እንቁላል ውስጥ ላለ ጽንስ ሰጡት። ቫይረሱ ሴሎቹ ውስጥ ገብቶ ሥራውን እየሠራ ጽንሱ ግን ካንሰር አላወጣም። እነዚያኑ ሴሎች አውጥተው ሳህን ላይ ሲያደርጓቸው የካንሰር ጠባይ አሳዩ። ክፉው ጂን ሁለቱም ቦታ አለ፤ የተለየው ቤቱ ነው።

ወደ ጡት ሲመጡ ጋሼ ሁለት ዓመት ጠቀሱ። በ1992 ከኮፐንሃገኑ ኦሌ ፒተርሰን ጋር በሠሩት ጥናት፣ ጤነኛና ካንሰር የሆነ የጡት ሴል ጎን ለጎን ጄል ውስጥ ተቀመጠ። ፕላስቲክ ላይ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። ጄሉ ውስጥ ግን በቀናት ውስጥ ለየላቸው። ጤነኞቹ ትንሽ ክብ ከረጢት ሠርተው መባዛት አቆሙ፤ ካንሰሮቹ ቅጥ አጥተው ተቆለሉ። በ1997 ደግሞ ቫለሪ ዊቨር በመራችው ሥራ የካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ቤታ-1 ኢንተግሪን የሚባል መያዣ በፀረ እንግዳ አካል ተዘጋ። ሴሉ አልጋውን የሚጨብጥበት እጁ ማለት ነው። ያኔ የተቆለሉት ሴሎች ተደርድረው ጤነኛ የሚመስል ከረጢት ሠሩ።

3ኛው መልስ ምስጋና ነው። ጸሐፊው ነገሩን በአገራችን ተረት አሰረው፤ ከአህያ ጋር የዋለችውን ጊደር አነሣ። ለሴልም ይሠራል ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ልብ ሰጠው።

4ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ወጣት፣ የኮምፒውተር ሰው ይመስለኛል፣ ጋሼን አንተ እያለ ጻፈ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ካንሰር የጂን በሽታ ነው የሚለው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው፣ የጂን ምርመራ የሚያደርጉትም ሰው ሲበሉ ኖረዋል የሚል ነው ሐሳቡ። በመጨረሻም የጋሼን መልስ የሽማግሌ ወሬ አለው። 5ኛውና 6ኛው መልስ ስለ ሳይንሱ አያወሩም። ታላቅን እንዴት እንደሚያናግሩ ለልጁ አስታወሱት፤ አንዷማ ጠንከር አድርጋ ነው የነገረችው። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ሳልጽፍ ቀረሁ።

7ኛው የጋሼ ነው። አልተቆጡም። ልጁን ልጄ ብለው ጀመሩ። ጂኑ አልተጠገነም፤ የተሰበረው እንደተሰበረ ነው። የ1997ቱ ሴሎች ተበታትነው ፀረ እንግዳ አካሉ ሲወሰድባቸው ወደ ድሮው ጠባያቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ጥናቱ የሚያሳየው ጂን ብቻውን የሴልን ዕጣ እንደማይቆርጥ እንጂ ጂን ከንቱ መሆኑን አይደለም። ጡት ላይ ብራካ-1 እና ብራካ-2 የሚባሉት ጂኖች በውርስ ሲበላሹ ምን እንደሚያመጡ የታወቀ ስለሆነ፣ ምርመራውን ማጣጣል ሰው ሊጎዳ እንደሚችል በለሆሳስ አስጠነቀቁ። ልጁ በ9ኛው ይቅርታ ጠየቀ። እርስዎ እያለ ነው የጻፈው።

8ኛውን ዘለልኩ፤ ማስታወቂያ ስለነበር ተነሥቷል።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ወሬው ወደ ጄሉ ራሱ ዞረ። 10ኛው ላይ አንድ የላብ ሰው አያያዙን ነገረን። ማትሪጄል የቅቤ ተቃራኒ ነው። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ይሄ ሲሞቅ ይረጋል። በ4 ዲግሪ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ክፍል ሙቀት ሲጠጋ መርጋት ይጀምራል። ስለዚህ ማታ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ መተው ነው። ጠዋት ፒፔቱ ጫፍ ላይ የሚሰካውን ቲፕ፣ ሳህኑን፣ ቱቦውን ሁሉ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። እኔ በመጀመሪያው ወር ቲፖቹን ሳላቀዘቅዝ ሠርቼ ጄሉ ቲፑ ውስጥ ረግቶብኛል። ነጭ ዘንግ ሆኖ ቀረ። ብገፋው አልወጣም፤ ሴሎቼም አብረውት ገደል ገቡ። ይህን ጽፌ መለስኩለት። ሦስት ሰዎች እነሱም እንደዚያው እንደሆኑ ተናገሩ።

11ኛው ላይ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ጄሉ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀች። 12ኛው መለሰላት፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደነገጠ። ማትሪጄል ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ነው። ኤንግልብሬት-ሆልም-ስዋርም የሚባል የአይጥ ሳርኮማ አለ። ያ ዕጢ ላሚኒን፣ ኮላጅን 4 እና ሌሎች የገለፈት ፕሮቲኖችን በገፍ ያመርታል። ሰዎቹ ዕጢውን አሳድገው፣ ፈጭተው፣ ፕሮቲኑን ያወጡታል።

13ኛው ሰው በቁጣ ገባ። የሰው ጡት ካንሰር ለማጥናት በአይጥ ካንሰር ጭማቂ ሴሉን ቀብራችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከሳህን የተሻለ ተፈጥሯዊ ነው ትላላችሁ የሚል ነው ነገሩ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ነጥቡ ግን ትክክል ነው፤ ማለፍ አልፈልግም። ጄሉ ውስጥ ከገለፈቱ ፕሮቲን ሌላ የእድገት ፋክተሮች፣ ማለትም ሴል እንዲያድግ የሚያዙ ነገሮች፣ አብረው አሉ። እያንዳንዱ ምርት ከቀደመው ትንሽ ይለያል። እኔ ራሴ የምርት ቁጥሩ ሲቀየር ድብልብሎቹ መጠናቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። የስዊድኗ እህት ቀጥላ መንገዶቹን ነገረችን። የእድገት ፋክተሩ የተቀነሰለት ዓይነት አለ። ኮላጅን 1 አለ። ከባሕር አረም የሚወጣ አልጂኔት አለ። ሙሉ በሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ፔግ የሚባል ጄልም አለ፤ ድርቀቱን፣ ማለትም ጥንካሬውን፣ እንደተፈለገው መወሰን ይቻላል። ቢያንስ አንድን ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ የምርት ቁጥር ጨርሺ ብላ መከረችኝ። አሁን ፍሪጃችን ላይ ቁጥሩን በወረቀት ለጥፌዋለሁ።

15ኛው መልስ እስራኤል አገር ከምትሠራ ነርስ ነው። ሳይንቲስት አለመሆኗን አስቀድማ ተናገረች። የምታውቀው በእጇ የሚሰማትን ነው። ጤነኛ ጡት ለስላሳ ነው፤ የሚያሠጋው እብጠት ብዙ ጊዜ ጠጠር ይላል፣ ቦታውን አይለቅም። ሴሉስ ይህን ድርቀት ያውቀው ይሆን ብላ ጠየቀች። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከላብ ሰው አልሰማሁም። 16ኛው ላይ ጋሼ ተደስተው መለሱላት። በ2005 የዊቨር ቡድን ይህንኑ ለክቷል። የአይጥ ጤነኛ ጡት ድርቀቱ ወደ 170 ፓስካል (የድርቀት መለኪያ) ነው፤ ዕጢው ወደ 4000። ጤነኛ የሚባሉትን ሴሎች ደረቅ ጄል ላይ ሲያስቀምጧቸው ሥርዓት ያለው ከረጢት መሥራት ተሳናቸው። የላብ ፕላስቲክ ደግሞ በቢሊዮን ፓስካል የሚቆጠር ነው። ሴሉን ከጥጥ ፍራሽ አንሥቶ ድንጋይ ላይ ማስተኛት ነው አሉ። ነርሷ እጇን ስትጭን የሚሰማትን ሴሉም በዚያች ኢንተግሪን በተባለች እጁ ይዳስሰዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ፤ እኔ ግን የሳተበትን ልጽፍ እፈልጋለሁ።

18ኛው ላይ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ጻፈች። እህቷ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። እህቷን የምታስታምመው እሷ ናት። መድረኩ ላይ የሚወራውን ስታነብ፣ የእህቷን ዕጢ እንዲህ ጄል ውስጥ አሳድጎ የሚሠራላትን መድኃኒት መምረጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። 19ኛው መልስ የባህል መድኃኒት አለኝ፣ ኬሞውን ትተው ወደኔ ይምጡ የሚል ነበር፤ ስልክ ቁጥርም አለበት። 20ኛው፣ 21ኛውና 22ኛው ተረባረቡበት። ስድብም ነበረበት። የመድረኩ አስተዳዳሪ ጽሑፉን አነሣው፤ ተሳዳቢዎቹንም አስጠነቀቀ።

23ኛው የአንድ ሐኪም ነው፤ እኔ ከክሩ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በዕጢ ናሙና የሚሠራው ኦርጋኖይድ እንደሚባል አስረዳት። በ2018 የኔዘርላንድስ ሰዎች፣ ኡትሬክት ያለው የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን፣ ከጡት ካንሰር ሕመምተኞች ዕጢ ከ100 በላይ የኦርጋኖይድ መስመር አቁመዋል። መስመሮቹ የየራሳቸውን ዕጢ መልክና የጂን ለውጥ ይዘው ቆይተዋል። ግን ሁሉም ዕጢ አይበቅልም። የሚበቅለውም ሳምንታት ይፈልጋል። ሕክምና ለመምረጥ የተለመደ ምርመራ ገና አልሆነም። ስለዚህ እህቷ ይህን ልትጠብቅ አይገባም። ይልቅ ዛሬ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ከቀዶ ሕክምናው የወጣው ናሙና ለሆርሞን ተቀባይና ለኸር-2፣ ማለትም የእድገት መልእክት ለሚቀበሉ የሴሉ ፕሮቲኖች፣ ተመርምሮ እንደሆነ ይጠየቅ አለ። ጥቁር አንበሳ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከተመረመሩት ሴቶች ወደ ሁለት ሦስተኛው የሆርሞን ተቀባይ ያላቸው ናቸው። እነሱ ታሞክሲፈን ወይም የሱ ዓይነት ክኒን ይረዳቸዋል፤ ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ስለዚህ የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ወረቀቱን እንድትፈልግ፣ ካልተመረመረም የተቀመጠው ናሙና እንዲታይላት እንድትጠይቅ ነገራት። ሳይሰለች፣ እህቴ እያለ ነው የጻፈው።

በ24ኛው ሴትየዋ አመሰገነች። በ30ኛው ተመለሰች። ወረቀቱ ተገኝቷል፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ አዎንታዊ ይላል። ኬሞው ሲያልቅ ክኒኑን እንደምትጀምር ተነግሯታል። ያን ቀን መድረኩ ላይ እልልታ ነበር።

25ኛው ወደ እኔ ጥያቄ መለሰን፤ በኃይል ነው የመለሰን። አንድ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሰው ያቺን መጨረሻ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር አንሥቶ ጠየቀኝ፤ ታሞክሲፈን የሚያነጣጥርበትን ነገር በምን ያወቅነው መስሎሻል የሚል ነው ጥያቄው። የያዝኩትን ሴል ታሪክ እንኳ አላውቅም ብሎ ገሠጸኝ። ልክ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ኤምሲኤፍ-7 በ1973 ዲትሮይት ከሚገኘው የሚሺጋን ካንሰር ፋውንዴሽን የወጣ ነው። ስሙም የተቋሙ ምኅጻር ነው። ሴሎቹ ጡቷ ላይ በተነሣ ካንሰር ከታመመች መነኩሲት ሳንባ ዙሪያ ከተቀዳ ፈሳሽ የተገኙ ናቸው። መነኩሲቷ በ1970 ዐርፋለች። ማርክ ሊፕማንና ባልደረባው በ1975 እነዚህን ሴሎች ሳህን ላይ አሳድገው፣ በኢስትሮጅን እንደሚባዙና ፀረ ኢስትሮጅን መድኃኒት እንደሚገታቸው አሳዩ። ያ ሥራ ጄል አልነበረውም። የዚያች የአዲስ አበባ ሴት ክኒን ከዚያ ሳህን ጋር ዝምድና አለው። ይህን ሳነብ ዓረፍተ ነገሬን ለመሰረዝ አሰብኩ። ኋላ ተውኩት፤ ከሥሩ ግን መሳሳቴን ጻፍኩ።

26ኛው ይህንኑ ይዞ ሌላ ታሪክ አመጣ። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባል ሴል ለዓመታት የጡት ካንሰር ነው ተብሎ ስንት ጥናት ተሠርቶበታል። ከ2000 ጀምሮ የጂን ምርመራው የቆዳ ካንሰር፣ ሜላኖማ፣ መምሰሉን አሳየ፤ በኋላም ኤም-14 ከሚባለው የሜላኖማ ሴል ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። የተሳሳተ ሴል ይዞ ስሪ ዲ ቢሠሩት፣ ፎር ዲ ቢሠሩት ዋጋ የለውም፤ ጄል ከመግዛቴ በፊት የሴሌን ማንነት እንዳስመረምር ነገረኝ። አስመርምሬያለሁ፤ የራሱ ሆኖ ተገኝቷል።

27ኛዋ ከዋሽንግተን የጻፈች ናት። እነዚህ ሴሎች የማን እንደሆኑ ጠየቀች። አብዛኞቹ ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ ሴቶች የመጡ ከሆነ፣ ለኛ እናቶች ምን ይነግሩናል ብላ ተከራከረች። 28ኛው ኤምዲኤ-ኤምቢ-468 ከአንዲት የ51 ዓመት ጥቁር ሴት የተወሰደ መሆኑን ጠቀሰላት። እሷ ግን አንድ ጠቅሶ ማለፍ መልስ እንዳልሆነ ጻፈች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ኦርጋኖይድ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በተወሰደ ሴል ብቻ ከመወሰን ዛሬ ከሚታከሙት ሴቶች መነሣት ይቻላል። ግን ናሙናው በሚገኝበት ከተማ የሚያሳድገው እጅና ዕቃ ካለ ነው።

29ኛው ላይ አንድ ሰው ስሪ ዲ የምትሉትም ቢሆን ደም የለውም፣ የበሽታ መከላከያ ሴል የለውም፣ ስብ የለውም፤ ስለዚህ ያው ሬሳ ነው ብሎ ቆረጠው። የስዊድኗ እህት ትዕግሥቷ ያለቀ ይመስላል፤ አጭርና ሹል መልስ ሰጠችው። የጎደለውን መጨመር ይቻላል። እሷ ራሷ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን የጎረቤት ሴሎች ጨምራ ስትሠራ ካንሰሩ ጠባዩን ሲለውጥ አይታለች። ኸር-2 ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን በተመለከተ በ2010 ከቢሴል ላብ የወጣው ጥናት፣ ምላሹ ሴሉ ባለበት የስሪ ዲ ሁኔታ በጣም እንደሚወሰን አሳይቷል። ከዚያ ወሬው ወደ እንስሳት ሙከራ ተንሸራተተ። አሜሪካ በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ እንስሳ ላይ መሞከር አለበት የሚለውን ግዴታ አንሥታለች። በዚህ የተደሰተም የሠጋም ነበር። ብዙም አልዘለቀም።

ከ31ኛው ጀምሮ ያለው የአንድ የአዲስ አበባ የላብ ቴክኒሻን ነው ማለት ይቻላል። ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ ጻፈ። ማትሪጄል መግዛት አይችልም። ቢገዛም መንገድ ላይ ቅዝቃዜው ይቋረጣል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪዘሩ ይሞቃል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ወሬ ለሱ እንደማይሆን ነው የጻፈው። ምሬት አለበት፤ አላጋነነም።

32ኛው ላይ ጋሼ፣ 33ኛው ላይ የስዊድኗ እህት ጄል የማይፈልግ መንገድ ነገሩት። የተንጠለጠለ ጠብታ ይባላል። 20 ማይክሮሊትር ሚዲየም ጥቂት መቶ ሴሎች ይዞ በፔትሪ ሳህን ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ክዳኑ በአንድ ጊዜ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ ይገለበጣል። ጠብታው አይወድቅም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሳህኑ ውስጥ ጠብታዎቹ እንዳይደርቁ ውኃ ይደረጋል። ሴሎቹ የሚይዙት ወለል ስለሌላቸው ወደ ጠብታው ጫፍ ወርደው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ያ ካልሆነ ደግሞ የሳህኑን ወለል በስሱ አጋሮዝ በሚባለው ከባሕር አረም በሚወጣ ጄል መቀባት ነው፤ ሴል አጋሮዝ ላይ አይጣበቅም። አጋሮዝ ዲኤንኤ የሚሠራ ላብ ሁሉ አለው። ጋሼ አንድ ነገር አስጠነቀቁት። ይህ መንገድ ድብልብል ይሰጠዋል እንጂ ገለፈት አይሰጠውም። የመድኃኒት ሥርገት ለማየት ይበቃል። ሴሉ ላይና ታቹን እንዴት እንደሚያውቅ ለመጠየቅ ግን አይሆንም።

35ኛው ላይ ቴክኒሻኑ ፎቶ ለጠፈ። በስልኩ በማይክሮስኮፑ ዓይን በኩል ያነሣው ነው፤ ዳሩ ጥቁር ክብ ነው። ከዘጠኝ ጠብታ ስድስቱ ድብልብል ሠርተዋል። ሦስቱ ክዳኑን ሲገለብጥ ተቀላቅለውበታል። ትልቁ 400 ማይክሮን ገደማ ነው። መሐሉ ጠቆር ብሏል።

ጋሼ ያ ጥቁረት የሞተ ሴል መሆኑን በምን እንዳወቀ ጠየቁት፤ ወፍራም ነገር ብርሃን ስለማያሳልፍ ብቻ ሊጠቁር ይችላል። ቴክኒሻኑ የሚያበራ ቀለም እንደሌለው፣ ያለው የሞተ ሴልን ሰማያዊ የሚያደርገው ትራይፓን ብሉ ብቻ እንደሆነ መለሰ። 38ኛው የስዊድኗ ነው። ሁለት ድብልብል ሴሎችን በሚያላቅቀው ኤንዛይም፣ በትራይፕሲን፣ በትኖ በትራይፓን ብሉ ቢቆጥር የሞተው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ ትልቅና ትንሽ ድብልብል ለየብቻ ይቁጠር። ሞቱ ከትልልቆቹ ጋር ከጨመረ መሐሉን መጠርጠር ይችላል። ቁጥሩን ሰኞ ይዞ እንደሚመጣ በውስጥ መስመር ነግሮኛል፤ ትናንሾቹን ዛሬ ጠዋት አንጠልጥሏል።